ቦንቱን ያጎረስናት ቀን

አንድ ሰው ብቻ የሚያገባበት ቡድን፣ ቡድን አይባልም። አንድ ሰውና አጃቢዎቹ ነው የሚባለው። ይህን ዓመቱን ሙሉ ተናግሬ አፌ ደረቀ እንጂ የሰማኝ የለም። ማን ይስማኝ? ጎማ ጠጋኝ ነኝ። አዳማ መናኸሪያው ጀርባ፣ በር ላይ የተቆለለ አሮጌ ጎማ ያለበት ደሳሳ ቤት የኔ ነው። ግን አራት ጎማ ያለው መኪና ሦስቱን አስተንፍሶ በአንዱ ብቻ ሲሄድ አይቼ አላውቅም፤ እናንተም አላያችሁም።

የማወራው ስለ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ነው። እዚሁ አዳማ ያለ ኮሌጅ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ከጠራሁ አውቶቡሳቸው ጎማው ሲተነፍስ ወደ ሌላ ጠጋኝ ይሄዳሉ። ልጄ ሐና እዚያ አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ለቡድኑም ትጫወታለች። ትጫወታለች ስል ትሮጣለች ማለቴ ነው። ወዲያ ትሮጣለች፣ እጇን ታነሳለች፣ ኳሱ ወደ ቦንቱ ይሄዳል። ወዲህ ትሮጣለች፣ እጇን ታነሳለች፣ ኳሱ ወደ ቦንቱ ይሄዳል። ጠዋት ሥራ ረፍዶባት ሞልቶ ለሚያልፍ ታክሲ ሁሉ እጇን የምትዘረጋ ሰው ነው የምትመስለው።

ቦንቱ ደግሞ የወንጂ ልጅ ናት። አባቷ አገዳ ቆራጭ ነው፤ እሷም ቁመቷን ከአገዳው የወሰደች ነው የምትመስለው። ኳሱ ከእጇ ሲወጣ ቀለበቱ ራሱ ጠጋ ይልላታል። ክፉ ልጅ ብትሆን ኖሮ መጥላቱ በቀለለኝ ነበር። አይደለችም። ባየችኝ ቁጥር ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ "አባባ፣ አካም ጅርቱ?" ትለኛለች። እንዲህ ከልቧ ሰላም የምትል ልጅ ላይ እንዴት ቂም ይያዛል? እኔ ግን ታግዬ ትንሽ ይዣለሁ።

ከጎኔ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው ከድር ደግሞ ቦንቱን የሚያመልክ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ስንነታረክ እንውላለን።

"ምን አናደደህ? ታገባለች አይደል?" ይለኛል።

"ታገባለች። ብትታመምስ?"

"አትታመምም።"

"ሰው አይደለችም?"

"አይደለችም" ይላል ፒንሳውን በጨርቅ እየወለወለ። "ይልቅ እውነቱን ተናገር። ልጅህን ኳስ ስለነፈጓት ነው እንዲህ የምትንጨረጨረው።"

እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው ጎረቤት አይባልም። ልክ መሆኑ ደግሞ የባሰ ያናድዳል።

የዋንጫው ጨዋታ ከሻሸመኔ ቡድን ጋር፣ እዚያው ሻሸመኔ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ሐና ሻይዋን እያማሰለች፣ እኔን ሳታይ፣ "አባዬ፣ ከዛሬ በኋላ አልጫወትም" አለችኝ።

"ለምን?"

"ዓመቱን ሙሉ አንድም አላገባሁም። መሮጥ ብቻ ከሆነ ብቻዬን በሶደሬ መንገድ እሮጣለሁ።"

"ዛሬ ይሰጡሻል።"

"ዛሬ ዋንጫ ነው። ዛሬ ለእኔ ኳስ የሰጠች ልጅ ኮች ከአውቶቡስ ያስወርዳታል።"

እኔ በእሷ ዕድሜ አገዳ እሸከም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከበቀለ በኋላ ነው፤ በማታ ትምህርት፣ ከሌሎች የልጅ አባቶች ጋር ጠባብ ወንበር ላይ ተጣብቄ። ዛሬም ሳነብ ሰው እንደሚያደርገው መዝለል አልችልም፤ እያንዳንዷን ፊደል ሰላም ብዬ ነው የማልፈው። ሐና ሜዳ ስትገባ ግን ከሩቅ፣ ሳልንተባተብ፣ ከማሊያዋ ጀርባ ስሟን አነባለሁ። ስትዞር አነበዋለሁ፤ ተመልሳ ስትዞር ደግሜ አነበዋለሁ። እንግዲህ ያንን ማሊያ ልትመልስ ነው። ስለዚህ ሻሸመኔ የሄድኩት ለዋንጫ አልነበረም። ልጄ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኳሱን ይዛ ወደ ቀለበቱ ስትወረውር አይቼ፣ እሷም ወርውራ፣ ይህን "አልጫወትም" የሚሉትን ነገር እንድትተው ነበር።

ነገሬን አራዘምኩት መሰለኝ። ዘግይቶ መጻፍ የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ የዘመኑን ሁሉ በአንድ ወረቀት ካላራገፍኩ ይላል።

አውቶቡሱ ውስጥ ለደጋፊ ቦታ ነበረ። እኔ ጎማውን የጠገንኩ ሰው ስለሆንኩ ማንም አልከለከለኝም። ከድር ደግሞ ለአጎቱ ልቅሶ ያልዘጋውን ሱቅ ለቦንቱ ዘግቶ መጣ። ሞጆን አለፍን፣ መቂን አለፍን፣ ልጆቹ ይዘፍናሉ፣ ከድር ያጨበጭባል፣ እኔ በመስኮት የሽንኩርት ማሳ አያለሁ። ባቱ ስንደርስ አሠልጣኙ ደረጀ ተነሥቶ፣ "ቀለል ያለ ምሳ በልተን እንቀጥላለን። ቀለል ያለ" አለ።

ባቱ ላይ ቀለል ያለ ምሳ የሚባል ነገር የለም። ባቱ ላይ ዓሣ ነው ያለው። ሐይቁ ዳር ካለ ምግብ ቤት ገባን፤ ዓሣው ጥብሱም፣ ጉላሹም፣ ለብለቡም ትሪ ሙሉ መጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የሆነው ሁሉ የሆነው ዓሣ ስለነበረ ነው። ሥጋ ቢሆን ኖሮ እስላሙ ለብቻው፣ ክርስቲያኑ ለብቻው ይቀመጣል፤ ቦንቱም የሚያጎርሳት ሰው በግማሽ ይቀንስላት ነበር። ዓሣ ግን ሃይማኖት የለውም። ሁላችንም አንድ ትሪ ከበብን። ከቦንቱ አፍ ለመድረስ የሚከለክለን ምንም ነገር አልነበረም።

የጀመረው ራሱ "ቀለል ያለ" ያለው ሰው ነው። "ቦንቱዬ፣ ዛሬ ተስፋችን አንቺ ነሽ። እንቺ፣ በሞቴ" ብሎ አጎረሳት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ስለዚህ ደገማት። አሠልጣኙ አጉርሶ ቡድኑ ዝም ሊል ነው? ኳስ የምታቀብላት ልጅ አጎረሰቻት፤ ደገመቻት። ተጠባባቂዎቹ አጎረሷት፤ ደገሟት። ሹፌሩ ከወዲያ ጫፍ ተነሥቶ መጣና፣ "በሰላም ያመጣሁሽ እኔ፣ የማላጎርስሽ እኔ ብቻ?" አለ። ከድርማ አንድ ሙሉ ዓሣ ፊቱ አስቀምጦ እሾሁን አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። ለገዛ ልጆቹ እንዲህ ሲለቅም አይቼው አላውቅም።

የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነበች ጫጫታውን ሰምተው ከጓዳ ወጡ።

"ማን ናት እሷ?"

"ለዋንጫ የምታበቃን" አለ ከድር።

"እሰይ የኔ ልጅ። ታዲያ ከእኔ ቤት ሳላጎርሳት ልትወጣ ነው? የኔ እጅ ደግሞ ገድ ነው" አሉና እጃቸውን ታጥበው መጡ። አስተናጋጁም ከኋላቸው መጣ። ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ላይ ብቻውን የሚበላ የከባድ መኪና ሹፌር ሳይቀር ቆሞ፣ "ነገ ስሟ ሲጠራ እኔም አጉርሻታለሁ ልበል እንጂ" አለ። አጎረሳት። ያ ሰው የት አገር እንደሚሄድ እንኳ አናውቅም።

ልጅቷ ጨዋ ናት፤ የፈጃትም ጨዋነቷ ነው። አሳዳጊ የበደለው ሰው "በቃኝ" ብሎ ይገፋል። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ትቀበላለች። ጉንጯ እንደ ተነፋ የውስጥ ጎማ ተወጥሯል። እኔ ሥራዬ ነው፤ ከዚህ በላይ አየር እንደማይችል አየሁ። "ተዉአት፤ ልጅቷ ልትሮጥ ነው" አልኩ።



"ምቀኝነት" አለ ከድር፣ ቀስ ብሎ፣ ለሁሉም እንዲሰማ።

"የምን ምቀኝነት?"

"ሁሉም አጉርሷታል። ያላጎረስካት አንተ ብቻ ነህ። ለምን እንደሆነ እናውቃለን።"

ቀና ስል ሁሉም እኔን ያያል። ሐናም አየችኝ፤ ፊቷ ቀልቷል፤ "አባዬ፣ አታሳፍረኝ" የሚል አስተያየት ነው። እንግዲህ ምን ላድርግ? ተነሥቼ እጄን ታጠብኩ። የኔ እጅ ደግሞ የሰው እጅ አይደለም፤ ሲኖትራክ ጎማ ሲፈታ የኖረ እጅ ነው። ጉላሽ፣ ጥብስ፣ አዋዜ፣ ሁሉንም በአንድ ጠቅልዬ ስነሳ እትዬ ዘነበች "በስመ አብ" አሉ። አጎረስኳት። እንዳያጣላን ደገምኳት። ከዚያ አፍሬ ስለነበረ የማደርገውን አላውቅም፤ "ሦስተኛው ለሥላሴ" ብዬ ሠለስኩት። ለእስላም ልጅ። እሷም አፏ እንደሞላ "ምንም አይደል አባባ" አለችኝ።

ከባቱ ወጥተን ቡልቡላ ልንገባ ስንል አውቶቡሱ ውስጥ የሚዘፍን አልነበረም። ቦንቱ ወንበሯ ላይ ተንጋላ፣ እጇን ሆዷ ላይ አስቀምጣ፣ ጣሪያውን ታያለች።

"ኮች" አለች በቀስታ። "መኪናውን አስቁሙልኝ።"

ቁንጣን ነው። ሌላ ስም የለውም። ልጅቷን ይዘን ቡልቡላ ላይ ወረድን። አሠልጣኙ ላቡ ይንቆረቆራል። ሹፌሩ ለስላሳ ገዝቶ መጣ፤ ለስላሳው ሲጨመርበት ባሰባት። ከድር ሎሚ አመጣ። መንገድ ዳር ወተት የሚሸጡ አሮጊት ቀርበው አዩዋትና፣ "ባይኤ ኛቴ" አሉ፤ ብዙ በልታለች ማለታቸው ነው።

"ጉንፋን ነው እናቴ" አለ አሠልጣኙ። የሻሸመኔ ሰላዮች ቡልቡላ ድረስ የተዘረጉ መስሎታል።

"ጉንፋን ሆድ ይነፋል እንዴ? ይልቅ አራምዷት" አሉ በጠራ አማርኛ።

አራመድናት። ቦንቱ ከፊት፣ ቀጥሎ እሷን የደገፉ ሁለት ልጆች፣ ቀጥሎ ቡድኑ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀጥሎ እኔና ከድር። በአስፋልቱ ዳር ቀስ ብለን ስንሄድ አንድ ሽማግሌ ከበቅሏቸው ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "ማን ሞተ ልጆቼ?" አሉን።

"ቡድኑ" አለ ከድር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "የገደላት ያንተ ሦስተኛው ነው" አለኝ።

"አንተ እሾህ የለቀምክላትስ?"

"የኔ ከፍቅር ነው። ያንተ ሆን ተብሎ ነው። ልጅህ እንድትጫወት ነው።"

አያችሁ? ዓመቱን ሙሉ "ብትታመምስ" ስል የኖርኩ ሰው፣ በገዛ እጄ አሳምሜያት ቁጭ። ማንም ዳኛ ቢሰማ ይፈርድብኛል። ልጄ ራሷ ከፊት ሆና ዞራ አየችኝ፤ እሷም የጠረጠረችኝ ይመስለኛል። እኔ ግን በልጄ ስም እምላለሁ፣ ያጎረስኩት አፍሬ ነው።

ሻሸመኔ ሜዳው ሰው ጢም ብሎበታል። ቦንቱ ገባች። ኳሱን ሰጧት፤ በአንድ እጇ ኳሱን፣ በአንድ እጇ ሆዷን ይዛ ቆመች። ነጠቋት። ደግመው ሰጧት፤ ደግመው ነጠቋት። አሠልጣኙ እያዘነ አስወጣትና ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጣት።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። የኛ ልጆች ኳስ ይይዛሉ፤ ከያዙ በኋላ ግን ምን እንደሚደረግ አያውቁም። አንዷ ይዛ ወዲህ ታያለች፣ ወዲያ ታያለች፣ ቦንቱን ትፈልጋለች። አገኘቻት። ወረወረችላት። ቦንቱም ተቀበለች። ወንበር ላይ እንደተቀመጠች። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ ረስቶ ቆመ። የሻሸመኔ ደጋፊ በሣቅ ሞተ። ከድር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ እኔ እንኳ "አላልኩህም?" ለማለት አሳዘነኝ። በኋላ ግን አልኩት።

ዕረፍት ላይ በሰፊው እየተመራን ነው። ልጆቹ አሠልጣኙን ከበቡት።

"ኮች፣ ለማን እንስጥ?" አለችው አንዷ።

ደረጀ ዞሮ ቦንቱ የተቀመጠችበትን ወንበር አየ። ዓመቱን ሙሉ አንድ መልስ ብቻ ሲመልስ የኖረ ሰው ነው።

"ለሐና" አልኩ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ።

"አባቷ ነው፤ አትስሙት" አለ ከድር።

ሐና መሬት መሬት አየች። አሠልጣኙም እጁን አወራጨና፣ "ያየሽው ባዶ ሰው ካለ ለእሱ ስጪ። በቃ። ማንም ይሁን" አለ። ተስፋ ቆርጦ የተናገረው ነገር ነው። ያን ዓመት ከተናገረው ሁሉ ግን ደህናው እሱ ነበር።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ሐና ሮጠች፤ እንደ ልማዷ እጇን አነሳች፤ ኳሱ መጣላት። ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ። ዓይኗ ወደ ተጠባባቂ ወንበሩ ሊሄድ ሲል "ወርውሪ" ብዬ ጮህኩ። ወረወረች። ኳሱ ቀለበቱን መታ፣ ሽቅብ ሄደ፣ ሰሌዳውን መታ፣ ቀለበቱ ጠርዝ ላይ ተመልሶ መጣና ትንሽ አሰበ። ቁጭ ብሎ ነው ያሰበው። ከዚያ ገባ።

ምን እንዳደረግኩ አላውቅም። ሰው እንደነገረኝ ከጎኔ የነበረውን የሻሸመኔ ደጋፊ አቅፌ አንስቼዋለሁ። አንድ እግር ጫማዬ ከመቀመጫው ሥር ወድቋል። ሰውዬው "ጋሼ፣ አውርዱኝ፤ እኔ የነዚያ ነኝ" ሲለኝ ነው የነቃሁት። "ልጄ ናት" አልኩት። "እንኳን ደስ አለዎት። አውርዱኝ" አለኝ።

አንዴ ከተከፈተ ወዲያ ሁሉም ወረወረ። ዓመቱን ሙሉ ለቦንቱ ስታቀብል የኖረችው ልጅ ከሩቅ ወርውራ አገባች፤ ራሷ አላመነችም፤ እጇን አገላብጣ አየችው። ሐና ደገመች። ሌላዋ ደገመች። ነጥቡ እየጠበበ፣ እየጠበበ መጣ። ከድር ቦንቱን ረስቶ ስማቸውን የማያውቃቸውን ልጆች "አንቺ ቀጭኗ፣ አንቺ ጉትቻዋ" እያለ ይጠራል። እኔ በአንድ ጫማ እዘላለሁ።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቦንቱ ወንበሯ ላይ ሆና አገሳች። የባቱ ሐይቅ በሙሉ የወጣ ነው የሚመስለው። የኛ ደጋፊዎች ቆመን አጨበጨብን።

"ኮች፣ መሮጥ አልችልም፤ መቆም ግን እችላለሁ" አለችው።

አስገባት። እሷም ሄዳ ከቀለበቱ አጠገብ፣ ዳር ላይ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመች። መጀመሪያ አንድ ጠባቂ መደቡባት። ስትቆም፣ ስትቆም፣ ጠባቂዋ ሰለቻትና ጥላት ሄደች። እነሱን የሚያሳስባቸው ሌላ ነገር ነበራ።

በአንድ ነጥብ እየተመራን፣ የመጨረሻዋ ኳስ ሐና እጅ ገባች። ቀለበቱ ፊት ለፊቷ ነው። ለእኔ እንዲያ ነው የታየኝ። "ወርውሪ" አልኩ። ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ። "ሐና፣ ወርውሪ።" ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት ይህንን ነው፤ ዋንጫውም ልጄም አንድ ላይ። ሐና ዘለለች፣ እጇን አነሳች፣ እና ወደ ጎን ኳሱን ለቦንቱ ሰጠቻት።

ለቦንቱ።

ቦንቱም አልዘለለችም፤ አልቻለችም። እጇን ብቻ ዘርግታ፣ ዕቃ መደርደሪያ ላይ እንደምታስቀምጥ ሰው፣ ሰሌዳው ላይ አስደግፋ አስገባችው። ፊሽካው ተነፋ። አሸነፍን።

ሁሉም ወደ ቦንቱ ሮጠ። ሊሸከሟት ሲሉ "ሆዴን አትንኩኝ" ብላ ሸሸች። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ደግሞ ግንፍል ብያለሁ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ሐና ጋ ደረስኩ።

"ለምን አልወረወርሽም? አሁንም ቦንቱ? አሁንም?"

ታለከልካለች። ላቧን በማሊያዋ ጠረገች። "አባዬ፣ ቦንቱን ማንም አልያዛትም። እኔ ላይ ሦስት ሰው ነበረ።"

"ስንት?"

"ሦስት። አላየህም?"

አላየሁም። እኔ ቀለበቱንና ማሊያዋን ብቻ ነበር የማየው። ሦስት ሰው። ዓመቱን ሙሉ የገዛ ቡድኗ ሲዘላት፣ ዞር ብሎ ያያት ተጋጣሚም አልነበረም። ዛሬ የሻሸመኔ ቡድን ከግማሽ በላይ ተጫዋቹን ነቅሎ ልጄን ይጠብቃል። ግንፍልታዬ የት እንደገባ አላውቅም።

ስንመለስ አውቶቡሱ እየዘፈነ ነው። ላንጋኖ ጋ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ሐይቁ ቀልቶ ነበር፤ እኔ ግን ወደ ሐይቁ አላየሁም፤ ከድርን ይዤዋለሁ።

"ሦስት ሰው ነው ልጄ ላይ የቆመው። ሰምተሃል?"

"ያገባችው ግን ቦንቱ ናት።"

"ቆማ አይደል? ሦስት ሰው ወደ ልጄ ስለሄደ አይደል የቆመችው?"

"እኔ ሁለት ነው ያየሁት" አለ ከድር።

"ሦስት ነው።"

"ሁለት። አንዷ ጫማዋን ስታስር ነበር።"

"በዋንጫ ጨዋታ ጫማ ይታሰራል? ሦስት ነው።"

ከኋላ ወንበር፣ ቦንቱ ትከሻ ላይ ጭንቅላቷን ጥላ ተኝታለች ያልኳት ሐና፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "ሦስት ነው" አለች። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ ወደ ፊት ተጣራች።

"ኮች፣ የሰኞ ልምምድ ስንት ሰዓት ነው?"